ምልክቱ ይለፍ፣ ኃይሉ ይቅር

ሞተሩ ያልሠራ የቤት መኪና፣ መሪው ላይ ሰው ሳይኖር፣ በብረት ዘንግ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ታስሮ ሲጎተት፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር የጎታቹን መብራት አያይም፤ የሚያየው የተጎታቹን ነው። ጎታቹ ፍሬን ሲይዝ ተጎታቹ ካልበራ፣ ጎታቹ ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻ ሲያሳይ ተጎታቹ ዝም ካለ፣ የኋላው ሰው ሐሳቡ የማይታወቅ ነገር እየተከተለ ነው። ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ሽቦው ሲዘረጋ ነው። በአገራችን ጎዳና የሞሉት አይሱዙዎችና ከእነሱ የሚከብዱት የጭነት መኪኖች በአብዛኛው በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ የቤት መኪናው በ12። የፊተኛውን ሽቦ በቀጥታ ከኋለኛው አምፑል ጋር ያገናኘ ሰው ለአፍታ ያማረ ብርሃን ያያል፤ ወዲያው አምፑሉ ይቃጠላል። ነገሩ የጋራዥ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የሃይማኖት መምህራንን ከጥንት ጀምሮ ሲያስጨንቅ የኖረ ጥያቄ በውስጡ አለ፤ ብርቱው ደካማውን ሲመራ፣ ሳያጠፋው ሊሰጠው የሚችለው ምንድን ነው? እኔ የምሟገትለት መልስ ይህ ነው፤ ከመሪ ወደ ተመሪ መሻገር ያለበት ምልክቱ ነው፣ ኃይሉ ግን በተቀባዩ ልክ የተመተረ ወይም ከተቀባዩ የራሱ የወጣ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ የሚቃጠለው አምፑል ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው፤ ክርክሩ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። የቤት መኪና የፍሬን አምፑል ብዙ ጊዜ 21 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ክሩ ባለበት ጠባይ ቢቆይ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ማለትም 84 ዋት በሆነ ነበር። ክሩ በጋለ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ስለሚገታ እዚያ አይደርስም፤ ሦስት እጥፍ ገደማ ላይ ይቀራል። ብርሃኑ ግን ኃይሉን ቀድሞ ይዘላል፤ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በመቶ ሰዓታት የሚቆጠረው ዕድሜ ደግሞ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አምፑሉ በዘመኑ ሁሉ ያላሳየውን ድምቀት የሚያሳየው እንግዲህ ሊሞት ሲል ነው። የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ ሥራውን የፈተሸው ሰው በዚያች ቅጽበት ቢያየው ተሳካ ብሎ እጁን ጠርጎ ይሄዳል። ፊውዙም አይጮህም። ሁለቱ የፍሬን አምፑሎች በጤናቸው 3.5 አምፔር የሚስቡ ከነበሩ አሁን ከአምስት ብዙም አያልፉም፤ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ይህን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦውን ከእሳት ሊጠብቅ ነው እንጂ አምፑሉን ሊጠብቅ አይደለም። ሕግ ሳይጣስ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ፣ ሁሉም ነገር ከወትሮው ይልቅ ደምቆ እየታየ አንድ ነገር ይጠፋል። በጾምና በስግደት፣ በትምህርትና በሥነ ሥርዓት ስም ከአቅም በላይ የተጫነባቸው ሰዎች እንዲህ ሲጠፉ በዙሪያቸው ያለው ሰው ለምን እንደማያስተውል ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ጀማሪው በሁለት ወር ውስጥ ከመምህሩ በላይ ሲቃጠል የሚያየው ሁሉ ያደንቃል፤ አድናቆቱ ሳያልቅ ሰውየው ይጠፋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላ ሳፌድ ያስተማረው አይሁዳዊው ሊቅ ይስሐቅ ሉሪያ ስለ ፍጥረት ሲናገር ወደዚህ የሚቀርብ ነገር ብሏል። በእርሱ ትምህርት መለኮታዊው ብርሃን ሊይዙት በተዘጋጁ ዕቃዎች ላይ ሲፈስ ዕቃዎቹ መያዝ አቅቷቸው ተሰበሩ፤ በዓለም የምናየው ጉድለትም ከዚያ ስብራት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ትምህርት ሁሉም እንዲቀበለው አልጠይቅም፤ እኔም እንደ እምነቴ አንቀጽ አልይዘውም። ነገር ግን አንድ ድፍረት አለው፤ ጥፋት ከጨለማ ብቻ እንደማይመጣ፣ ልክ ካላገኘ ብርሃንም ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ብዙዎቻችን መልካም ነገር ቢበዛ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም ብለን አድገናል። የ12 ቮልቱ አምፑል ይህን አይቀበልም። የመጣበት ነገር ክፉ አይደለም፤ ለአይሱዙው አምፑል ዕለታዊ እንጀራው ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከእውነት ወገን የሚነሣ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ለደካማው ብሎ መቀነስ እውነትን ማቅጠን አይደለምን? ለምእመን አንድ ነገር፣ ለሊቅ ሌላ ነገር የሚናገር መምህር ከሁለቱ አንዱን እያታለለ አይደለምን? ይህ ተቃውሞ የሚያይለው ምልክቱንና ኃይሉን አንድ አድርገን ስናይ ብቻ ነው። የአይሱዙው ሹፌር ፍሬን ሲረግጥ የሚያስተላልፈው መልእክት «እየቆምኩ ነው» የሚል ነው። ይህ መልእክት ባለ 24 ቮልት ወይም ባለ 12 ቮልት አይደለም፤ በሁለቱም ያው ነው። በ24 ቮልት አምፑል ላይ ቀይ ሆኖ ቢበራ፣ በ12 ቮልት አምፑል ላይ ቀይ ሆኖ ቢበራ አንዲት ቃል አልጎደለችም። እንዲያውም መልእክቱን የሚያጎድለው ቮልቱን አልቀንስም ያለው ነው፤ አምፑሉን አቃጥሎ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ያስቀራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ ሲሰብክ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ለነቢያት የታየው እንዳለ ሳይሆን የሚያዩት ሰዎች ሊችሉት በሚችሉት መጠን መሆኑን ያስተምራል፤ ይህንም መውረድ የፍቅር ሥራ ይለዋል እንጂ የማታለል ሥራ አይለውም። በኦሪት ዘጸአትም እስራኤል በሲና ተራራ ሥር ነጎድጓዱንና ጢሱን አይተው ሙሴን የለመኑት እግዚአብሔር በቀጥታ እንዳይናገራቸው ነበር፤ ሙሴ ቢናገራቸው ግን እንደሚሰሙ ነገሩት። ልመናቸው እንደ ክህደት አልተቆጠረባቸውም። ሕጉ አልተቀነሰም፤ በሰው ድምፅ መጣላቸው።

ይህን ያህል ከተስማማን ጥያቄው እንዴት ይቀነስ የሚለው ነው። አቋራጮች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሚያስተምሩት ስሕተት ስላላቸው ትንሽ ልቆይባቸው። አንዱ አቋራጭ ሁለት የ12 ቮልት አምፑሎችን ተከታትለው በአንድ መስመር እንዲሰለፉ አድርጎ 24ቱን እንዲካፈሉት ማድረግ ነው። ሁለቱ እኩዮች ከሆኑ ያስኬዳል። ባለ 21 ዋቱ ከባለ 5 ዋቱ ጋር ከተሰለፈ ግን ክፍፍሉ እኩል አይሆንም፤ ከ24ቱ ቮልት 19 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚያርፈው በትንሹ ላይ ነው። ቀጭኑ ክር ይበልጥ ስለሚገታ ሸክሙ ወደ እርሱ ይሄዳል። ትንሹ ይቃጠላል፤ መስመሩ ስለሚቋረጥም ትልቁ አብሮ ይጠፋል። ማኅበር ተሰባስቦ አንድ ከባድ ሥርዓት እኩል ይሸከም ሲባል ከሁሉ በላይ የሚከብደው ለማን እንደሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው አቋራጭ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው፤ ከቅን ልብ ይመጣልና። የጭነት መኪናው 24 ቮልት የሚገኘው ከሁለት ባለ 12 ባትሪዎች መቀጣጠል ስለሆነ ከመካከላቸው ሽቦ አውጥቶ ከአንደኛው ብቻ 12 መውሰድ ይቻላል። መብራቱ በትክክል ይበራል። ነገር ግን አንዱ ባትሪ እየተመጠጠ ሌላው ሙሉውን ይዞ ይቆያል፤ ዲናሞው ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ አይቶ ስለሚሞላ አንዱ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ ይጠግባል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ለልጁ፣ ለተማሪው፣ ለንስሐ ልጁ ሲል ራሱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን የሚሰጥ መሪ እንዲህ ነው። ዝቅ ማለት መከፈል አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሥጋዌ ስታስተምር ያለ ሚጠትና ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መለወጥና ያለ መቀላቀል፣ የምትለው ከዚህ ምሳሌ በእጅጉ ይልቃል፤ ምሥጢሩን ከባትሪ ጋር ላመሳስል አልደፍርም። ነገር ግን ወርዶ አለመለወጥ የሚባል ነገር እንዳለ የምናምን ሰዎች፣ በምድር ላይ ያለው አለቅነታችንም ወደ ታች ሲሄድ ራሱን ሳያፈርስ መሄድ እንዳለበት ማሰብ አይከብደንም።

ወደ ትክክለኛው መንገድ ስንመጣ ሪሌ የሚባለውን ትንሽ ሣጥን እናገኛለን። በውስጡ በሽቦ የተጠመጠመ ብረትና የሚከፈት የሚዘጋ ምላስ አለ። ከአይሱዙው የሚመጣው 24 ቮልት የሚደርሰው ጥቅልሉ ድረስ ብቻ ነው፤ ለዚያ የሚበቃው ከረንትም ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው። ጥቅልሉ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ይስባል፤ ምላሱ ሲዘጋ የተጎታቹ የራሱ ባትሪ የራሱን 12 ቮልት ለራሱ አምፑል ይልካል። በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ የለም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከወዲያ ወደዚህ አትሻገርም። የተሻገረው «አሁን» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስደስተኛል፤ ሪሌው ጎታቹ ይበልጥ ወይም ይነስ አይጠይቅም። ጥቅልሉ ለጎታቹ ቮልት የተሠራ ከሆነ ባለ 12ቱ መኪና ባለ 24ቱን መምራት ይችላል፤ ሽቦው በቀጥታ ቢገናኝ ግን የ24ቱ አምፑል በቀን ብርሃን የማይታይ ፍም ሆኖ በቀረ ነበር። ለመምራት መብለጥ የግድ አይደለም ማለት ነው። ሙሴ አንደበቱ ከባድ መሆኑን ሲናገር መልሱ ሙሴን አንደበተ ርቱዕ ማድረግ አልነበረም፤ ቃሉ ከሙሴ ወደ አሮን እንዲያልፍና አሮን በራሱ ድምፅ እንዲናገረው ነበር። በአገራችን ቤተ መንግሥትም አፈ ንጉሥ የሚባለው ሹመት ዋና የዳኝነት ማዕረግ ከመሆኑ በፊት ስሙ የሚለውን ይሠራ ነበር፤ ንጉሡ በለሆሳስ ያሉትን እርሱ በራሱ ጉሮሮ ለጉባኤው ያሰማ ነበር። የጉሮሮው ጉልበት የንጉሡ አልነበረም፤ ቃሉ ግን የንጉሡ ነበር፤ የሰማውም ሁሉ ይህን ያውቃል።

አንዳንዱ መካከለኛ መግባቱ ያዘገያል፣ ያዛባልም ይላል። ምላሱ ለመዘጋት ጊዜ ይፈልጋል፤ እውነት ነው። የሚፈልገው ግን ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ገደማ ነው። የአምፑሉ ክር ራሱ ግሎ ሙሉ ብርሃን ለመስጠት ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ ያህል ይወስድበታል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ ከሦስት ሜትር በላይ መንገድ ነው። በአስተርጓሚው፣ በካህኑ፣ በመምህሩ ላይ የምንጭነው የመዘግየት ወቀሳ ብዙውን ጊዜ የእኛው የመጋል ጊዜ ነው። ማዛባቱን በተመለከተ ግን ተቃዋሚው እውነት አለው፤ ሪሌ ይዝጋል፣ ምላሱ ይጣበቃል፣ የተጣበቀ ሪሌም ጎታቹ ፍሬን በለቀቀበት ጊዜ ሁሉ «እየቆምኩ ነው» ማለቱን ይቀጥላል። መካከለኛ የሚመረመረው በማብራቱ ብቻ ሳይሆን በማጥፋቱም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ያሳሰበኝ እርሱ ነው። ተጎታቹ በራሱ ባትሪ ይብራ ማለት ቀላል ነው። የሚጎተተው ግን ብዙ ጊዜ ባትሪው ስላለቀበት አይደለምን? ሞተሩ ስለማይሠራ የሚሞላውም የለም። የራስህን አብራ ማለት የደከመን ሰው መሳለቅ ሊሆን ይችላል፤ በአገር ተስፋ የቆረጠ፣ በሐዘን የተሰበረ፣ በሱስ የተያዘ ሰው ፊት ቆሞ በውስጥህ ያለውን ቀስቅስ የሚል ሰባኪ እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል። ለዚህ መልሴ ክርክሬን ያጠብበዋል እንጂ አያፈርሰውም። ባዶ ለሆነ ባትሪ ሪሌ አይበቃም፤ ከጎታቹ ኃይል መምጣት አለበት። ለዚህ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች እኩል ይወስዳል፣ የጎታቹ ቮልት ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ወደ 28 ቢወጣም በተጎታቹ በኩል ያለውን ከልኩ አያሳልፍም። እዚህ ላይ መመገብ አለ፤ ግን በልክ የሆነ መመገብ ነው፤ ልኩንም የሚወስነው የሰጪው መትረፍረፍ ሳይሆን የተቀባዩ ቁጥር ነው። ሬዚስተር አስገብቶ ትርፉን በሙቀት ማባከን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። ሬዚስተሩ የሚመዘነው ለአንድ ጭነት ነው፤ አንድ አምፑል ቢቃጠል ወይም ሌላ ቢጨመር ልኩ ወዲያው ይዛባል። ሰውን አንድ ጊዜ አይተው የወሰኑለትን መጠን ሁኔታው ሲለወጥም የማይለውጡ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ መጠኑን ያውቁታል፣ ሰውየውን ግን አያዩትም። ስለዚህ ባትሪው ላለው ምልክት ይበቃዋል፤ ላለቀበት ምልክትም ኃይልም ያስፈልገዋል። ላለው ሰው ኃይል ማፍሰስ ግን ሌላ ጉዳት አለው፤ የራሱ ምንጭና የሌላው ምንጭ በአንድ ሽቦ ላይ ሲገናኙ ከረንቱ ወደማይገባበት ይመለሳል፣ የዘመኑን መኪና ኮምፒውተር እስከ መጉዳት ይደርሳል። ባለሙያዎች በመካከል ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ከሃይማኖት ወገን ሌላም ተቃውሞ ይመጣል፤ ይህኛው የሚያምር ነው። ሙሴ በኮሬብ ያያት ዕፀ ጳጦስ የተቀነሰ እሳት አልወረደባትም፤ ሙሉው እሳት ነደደባት፣ እርስዋም አልተቃጠለችም። ለቅዱስ ኤፍሬም የሚሰጠው የውዳሴ ማርያም የሐሙስ ክፍል ይህቺን ዕፅ የእመቤታችን ምሳሌ ያደርጋታል። እንግዲህ ፍጹሙ ስጦታ ሳይቀነስ የሚሰጠው አይደለምን? አዎ ብዬ እመልሳለሁ። ነገር ግን ዕፅዋን የጠበቃት የእሳቱ ባለቤት ነው፤ እሳትና ቁጥቋጦን ያለ ጉዳት አንድ ቦታ ማኖር የእርሱ ሥልጣን ነው እንጂ የማንኛውም እሳት ያዥ አይደለም። ያንኑ ሙሴን ክብርህን አሳየኝ ብሎ በለመነ ጊዜ በዐለት ስንጥቅ ያኖረውና በእጁ የጋረደው ያው እግዚአብሔር ነው። ከዕፅዋ የምንማረው ኃይል ሁሉ ያለ ልክ ይፍሰስ የሚል አይደለም፤ የማያቃጥል እሳት የማን እንደሆነ ነው። በጋራዥም ለዚህ ዝቅ ያለ አምሳያ አለ። ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚመጣበትን ሁሉ የሚችል የኤልኢዲ መብራት ይሠራል፤ 24 ቢመጣበት አይሞትም፣ 12 ቢመጣበት አይደክምም። ኃይሉ ያልተቀነሰለት ይመስላል፤ ግን መቀነሻው በውስጡ ነው፤ ከመጣለት የሚበቃውን ብቻ ይወስዳል። በረጅም ተጋድሎ የበረቱ መነኮሳት ሌላውን የሚሰብር ነገር ሳይሰብራቸው የሚያልፈው እንዲህ ባለ ውስጣዊ ልክ ይመስለኛል። ያን ልክ ገና ላልሠራ ሰው የእነርሱን ሸክም መስጠት ግን ለክር አምፑል የኤልኢዲን ቮልት መስጠት ነው።

ስለ መመለሻው መንገድም ዝም ብዬ ባልፍ ክርክሩ ይጎድላል። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ አይበቃውም፤ ማሳ የሚባል መመለሻም ይፈልጋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ያልታወቀ ብልሽት ሲገጥማቸው ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያዩት ማሳውን ነው። ማሳው ሲዝግ መብራቱ ዝም ብሎ ቢጠፋ መልካም ነበር፤ የሚሆነው ግን ከዚያ የከፋ ነው። መመለሻ ያጣው ከረንት በሌሎች አምፑሎች በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላ መብራቱ አብሮ ይርገበገባል። ትእዛዙ ደርሷል፤ የሚታየው ግን ሌላ ትእዛዝ ነው። መሪ የተመሪውን መልስ የሚሰማበት መንገድ ከተዘጋ መልሱ አይጠፋም፤ ባልታሰበ በኩል፣ ባልታሰበ መልክ ይወጣል። በዚህ ነጥብ ላይ ግን የምሳሌው ወሰን ይታያል፤ መደበቅም አልፈልግም። ተጎታቹ መኪና እምቢ ማለት አይችልም፤ ሰው ይችላል። ሪሌ የደረሰውን ምልክት ሳይረዳ ይፈጽማል፤ ሰው ግን መርምሮ ነው የሚፈጽመው፣ ካልመረመረም መብራቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ሰው በራሱ ባትሪ ይብራ ስል ታዛዥ ማሽን ይሁን ማለቴ አይደለም። ቃሉን ተቀብሎ በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ እውቀት፣ በራሱ ልብ ሙቀት የሚመልስ ይሁን ማለቴ ነው፤ ይህም ኃይሉ ከመሪው ቢመጣ ኖሮ በፍጹም የማይሆን ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ሽቦ፣ ሪሌና ኮንቨርተር ለጎታቹ ተብሎ አልተዘረጋም፤ ለተጎታቹም አይደለም። አንደኛው መንገዱን ያያል፤ ሁለተኛው በዘንግ ታስሯል። የተዘረጋው በጣርማ በር ጉም ውስጥ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ከኋላ ለሚመጣው፣ ሁለቱም ለማያውቁት ሦስተኛ ሰው ነው። እርሱ ከፊቱ ባለ 24 ይሁን ባለ 12 አያውቅም፤ ብርሃኑ ከየትኛው ባትሪ እንደወጣ አይጠይቅም። ቀይ ሲበራ ያያል፤ እግሩን ወደ ፍሬኑ ያነሣል።